በብርዝ የተቃኘው ገበጣ

በሌላችሁበት ስብሰባ ከመመረጥ ይሰውራችሁ። እኔ ጥርሴን ላስነቅል ሐኪም ቤት በሄድኩበት ጠዋት፣ የትምህርት ቤታችን መምህራን ተሰብስበው የሙዚቃ ክበብ ኃላፊ አድርገው ቆዩኝ። ጉንጬን በሻሽ ጠቅልዬ ስመለስ ሁሉም ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡልኝ። ለጥርሴ መስሎኝ እጅ ነሣሁ። ነገሩ ሲገባኝ "እኔ እኮ የሒሳብ መምህር ነኝ" ልል ብሞክር፣ ማደንዘዣው ምላሴን ይዞታል። "እምም" አልኩ። ቃለ ጉባኤ ያዡ "በደስታ ተቀብለዋል" ብሎ ጻፈ።

ይህ የሆነው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ነው። የክበቡ ንብረት በሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋ ነበር፤ ጠረጴዛውም የክበቡ አልነበረም። አንድ ጎኑ የተቀደደ ከበሮ፣ ክሩ የተበጠሰ ክራር፣ ሲስቡት እንደ ሳል በሽተኛ የሚያጓራ አኮርዲዮን። ዋሽንት አለን እንዳልል፣ ዋሽንቱ የአንድ ተማሪ እንጂ የእኛ አይደለም። ልጆቹ ግን ልጆች ነበሩ! ከትምህርት በኋላ ዝናብ ሳይሉ ብርድ ሳይሉ ይመጣሉ፤ የሚጫወቱበት ቢያጡ ዴስክ ይደበድባሉ። አለቃቸው ይታይሽ የምትባል ተማሪ ነበረች። የነገሯትን ሁሉ "ለምን?" ሳትል አትቀበልም፤ በዚህ ጠባይዋ በእኔ ሒሳብ አንደኛ፣ በግብረ ገብ መጨረሻ ትወጣለች።

ታዲያ ይህን ክበብ ሊዘጉት የተነሡ ሰው ነበሩ። የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ፊታውራሪ አስረስ፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር። ዲሬክተራችንን አቶ ዘለቀን መንገድ ላይ አግኝተው፣ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ፣ "ልጆቻችንን ፊደል አስቆጥሩልን ብለን ላክን እንጂ አዝማሪ አድርጉልን አላልንም። በወላጆች በዓል መጥቼ አያለሁ፤ ካየሁ በኋላ ይዘጋል" ብለዋቸዋል። ፍርዱ ከችሎቱ አስቀድሞ መጣ ማለት ነው። አቶ ዘለቀ ሲጨንቃቸው መነጽራቸውን የሚወለውሉ ሰው ናቸው። ያን ሰሞን መስታወቱ ሊሳሳ ምንም አልቀረውም።

እኔ ደግሞ ክረምቱን አዲስ አበባ የመምህራን ኮርስ ላይ ቆይቼ መመለሴ ነበር። ዓባይ በረሃን የተሻገረ ሰው ወሬ ይዞ ካልመጣ ምን ሰው ነው! በዕረፍት ሰዓት ሻይ ላይ ጀመርኩላቸው።

"አንድ ክፍል የሚያክል ማሽን አለ። ኮምፒዩተር ይባላል። ደንብ ይሰጡታል፤ እሱ በደንቡ ያሰላል። በውጭ አገርማ ዜማ እንኳ አስደርሰውታል።"

የአማርኛ መምህራችን ሙሉዓለም ዳቦውን አስቀመጠ። ሙሉዓለም ቅኔ ቤት ያደገ የጎጃም ልጅ ነው፤ ሰው ሲናገር የሚሰማው ለማድመጥ ሳይሆን መውጊያ ቦታ ለመፈለግ ነው።

"ዜማውን ሰማኸው?"

"አልሰማሁም።"

"ማሽኑንስ አየኸው?"

"ፎቶውን አሳይተውናል።"

"እኔም የጨረቃን ፎቶ አይቻለሁ" አለ፣ "ግን ደርሼ መጣሁ ብዬ ሻይ ላይ አላወራሁም።"

ሳቁ የመምህራን ማረፊያውን ጣራ ሊያነሣው ደረሰ። ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ፣ "ማሽኑ ምን ያደርጋል! ዋናው ደንቡ ነው! ደንቡን አስተካክሎ ለጻፈ ሰው ድንጋይም ይዘፍናል!" አልኩ።

ይህን ስል ለካ አቶ ዘለቀ በሩ ላይ ቆመዋል። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይህ ነገር ሳይንስ ነው?"

"ሳይንስ ነው።"

"አዝማሪነት የለበትም?"

"ጨርሶ!"

ፊታቸው በራ። በማግስቱ የበዓሉ መርሐ ግብር ሲወጣ፣ ከመክፈቻ ንግግሩ ቀጥሎ "በሒሳብ ደንብ የሚደረስ ዜማ፣ በሙዚቃ ክበብ" የሚል በትልቅ ፊደል ሰፍሮ አየሁት። እየሮጥኩ ቢሯቸው ገባሁ።

"ጌታዬ፣ እኔ እኮ ማሽን የለኝም።"

"ማሽኑ ምን ያደርጋል አላልክም? ፊታውራሪ ዘፈን ይጠላሉ እንጂ ሳይንስ አይጠሉም። ካማረልህ ክበቡ ይተርፋል። ካላማረልህ እሳቸው ክበቡን ይዘጋሉ፣ እኔ አንተን ቆላ እልክሃለሁ፣ እኔን ደግሞ ማን የት እንደሚልከኝ እግዜር ያውቃል።"

እንግዲህ ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሐሳቤ የማባዣ ሠንጠረዥ ነበር። የሰባትን ማባዣ በአምስት እያካፈልኩ ቀሪውን ለዋሽንት ነፊው ልጅ ሰጠሁት፤ ለእያንዳንዱ ቀሪ ቁጥር አንድ ድምፅ መደብኩለት። ልጁ ነፋ። አምስቱ ድምፆች በየተራቸው መጥተው ሄዱ፤ እንደገና መጥተው ሄዱ፤ አሁንም መጡ። እንደ ውሃ ወፍጮ እዚያው ይዞራሉ። ልጁ ራሱ እየነፋ እንቅልፍ ወሰደው።

ወደ ሁለተኛው ተሻገርኩ። ቁጥር የጻፍኩባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ባርኔጣዬ ውስጥ ጨምሬ ዕጣ እያወጣሁ አስነፋሁት። አሁን የወጣው ድምፅ ከሠርግ ቤት ሲወጣ ደረጃ የሳተ ሰው ይመስላል። በመስኮት ያለፈ አንድ ዘበኛ አንገቱን አስገብቶ፣ "ልጁን ምን ነካው?" ብሎ ጠየቀ።

ይታይሽ እጇን አወጣች። "መምህር፣ የመጀመሪያው ዜማ የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል። ሁለተኛው ደግሞ የሚመጣውን ጨርሶ አያውቅም። መካከለኛ የለም?"

መካከለኛ! ያቺን ቃል ይዤ ሁለት ቀን እህል አልበላ አለኝ። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ በገበያው በኩል ሳልፍ ሁለት የጨርቅ ነጋዴዎች ደጃፋቸው ላይ ገበጣ ይጫወታሉ። አንደኛው ከአንድ ጉድጓድ ጠጠሮቹን ዘገነና በየጉድጓዱ አንድ አንድ እየጣለ ዞረ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ዝም። ደግሞ ከመጨረሻው አንሥቶ ጠቅ፣ ጠቅ። ዝም። ሌላው አሰበ፣ ጢሙን አሻሸ፣ ዘገነ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ጠጠሩ በደንቡ ይሄዳል፤ ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚነሣ የሚመርጠው ግን ሰው ነው። ደንብም አለ፣ ፈቃድም አለ። መካከለኛው ይኸው! በየጉድጓዱ አንድ ድምፅ ባስቀምጥበትስ?

"መምህር" አለኝ አንደኛው ነጋዴ ቀና ብሎ፣ "ልትገዛ ነው የቆምከው ወይስ ጥላ ልትሆነን?"

ሳልመልስለት ሮጥኩ።

አሥራ ሁለት ጉድጓድ አሥራ ሁለት ድምፅ ይፈልጋል። ክራር የለኝ፣ ፒያኖ የለኝ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ካለው ቤቴ ፊት ለፊት ግን የእትዬ የሻረግ ጠጅ ቤት ነበር። አንድ ማታ አንድ ጠጪ ብርሌውን በቀለበቱ ሲያንኳኳ ሰምቼ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ እንደ ደወል ያለ ድምፅ። ብርሌ ውስጥ ያለው ሲበዛ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲጎድል ይቀጥናል። ተገኘ!

"እትዬ፣ አሥራ ሁለት ብርሌ ያውሱኝ።"

"ምነው ልጄ፣ ልታገባ ነው?" አሉ እጃቸውን እየጠረጉ።

"የለም፣ ውሃ ሞልቼ በማንኪያ ልመታቸው ነው።"

እትዬ የሻረግ ደረታቸውን ያዙ። "ውሃ? በእኔ ብርሌ? አገር በተሰበሰበበት? የየሻረግ ብርሌ ውስጥ ውሃ ታየ ከተባለ ከነገ ጀምሮ ጠጄን ማን ይጠጣዋል?"

ለመንኩ። ሳይንስ ነው አልኩ። እሳቸው ግን ሳይንስ ለስም እንደማይጠነቀቅ ያውቃሉ። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ብርሌዎቹ በውሃ ሳይሆን በብርዝ ይሞላሉ። ብርዝ ማር በውሃ ነው፤ ጠጅ ይመስላል፣ አያሰክርም። ተማሪ ቢነካው ነውር የለበትም፤ እንግዳ ቢያየው የእትዬን ስም አያጠፋም። ብርዙንም ራሳቸው በጥብጠው ሰጡኝ።

ዝግጅቱን ኳስ ሜዳው ዳር ጀመርን። መሬቱን ቆፍረን ሁለት ረድፍ ጉድጓድ አወጣን፤ በየጉድጓዱ አጠገብ አንድ ዴስክ፣ በዴስኩ ላይ አንድ ብርሌ፣ ከብርሌው ኋላ ማንኪያ የያዘ አንድ ተማሪ። ጠጠሩ ከሩቅ እንዲታይ ሎሚ የሚያክል ድንጋይ አደረግነው። ተጫዋቹ ድንጋዮቹን በእቅፉ ይዞ እየተራመደ ይጥላል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ድንጋይ የወደቀበት ልጅ ብርሌውን ይመታል። ይኸው ነው።

አቶ ዘለቀ በመስኮት አይተው መጡ። "ኳስ ሜዳው ላይ ምንድነው የምትቀብረው?"

"ዜማ ነው ጌታዬ።"

ሙሉዓለም ከኋላቸው ብቅ አለ። "ይህ ሰውዬ ገበጣ አይደለም ያመጣብን፤ 'ገባ ጣጣ' ነው!"

ሳቁን ዋጥኩት፤ ምክንያቱም ጣጣው እውነት ገብቶ ነበር። መጀመሪያ ብርሌዎቹን ከወፍራም ወደ ቀጭን በተራ ደርድሬያቸው ስለነበር፣ ድንጋይ የያዘ ሰው በተራመደ ቁጥር የሚወጣው ድምፅ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ኮቴ ነበር። ይታይሽ "ጎረቤት ከጎረቤት ለምን ይመሳሰላል?" አለችና ልጆቹን ቀያየረቻቸው። ያኔ ድምፁ መዝለል፣ መታጠፍ፣ መመለስ ጀመረ። ዜማ ዜማ ሸተተ።

ሁለተኛው ጣጣ ብርዙ ነበር። የወፈረን ድምፅ ለማቅጠን ከብርሌው መቀነስ ያስፈልጋል፤ መቀነስ ማለት ደግሞ መጠጣት ነው። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ "መምህር፣ የእኔ ትንሽ ወፍሯል" እያሉ በፈቃድ ይጎነጩ ነበር። ኋላ ላይ የሁሉም ድምፅ በአንድ ጊዜ መወፈር ጀመረ። ዜማችን ሰኞ እንደ ጎልማሳ የጀመረውን ዓርብ እንደ ጫጩት ይጨርሰዋል። ሙሉዓለም ይህንንም አላለፈውም። "ዜማ ሲበረዝ ሰምቼ አውቃለሁ" አለ፣ "በብርዝ ሲበረዝ ግን ገና ዛሬ አየሁ።"

ሦስተኛው ጣጣ ግን ጣጣ መስሎ የመጣ በረከት ነው። ደንቡን በጥቁር ሰሌዳ ጽፌ ሜዳው ላይ አቁሜዋለሁ፤ "ድንጋይ የወደቀበት አንዴ ይምታ።" አንድ ቀን እየተጫወቱ ሳለ "አንዴ" የምትለው ቃል ጽሕፈቷ ስላላማረኝ አጥፍቼ ልጽፋት አልኩ። እንዳጠፋኋት ጠመኔው ከእጄ ወደቀና ሣር ውስጥ ገባ። ሰሌዳው ላይ የቀረው "ድንጋይ የወደቀበት ይምታ" ነው። ልጆቹም መቱ። መቱ፣ መቱ፣ አላቆሙም። ማን ያቁማቸው? ደንቡ አቁሙ አላለም። እኔ በእንብርክኬ ጠመኔ እፈልጋለሁ፣ እነሱ ብርሌውን ያቀልጡታል፣ እትዬ የሻረግ ከጠጅ ቤታቸው ደጃፍ "ብርሌዬን! ብርሌዬን!" እያሉ ይጮኻሉ። በመጨረሻ ጠመኔውን አግኝቼ "በጉድጓዱ ባለው ድንጋይ ልክ" ብዬ ጨመርኩበት።

ያኔ የሆነውን ብትሰሙ! ሦስት ድንጋይ ያለው ሦስቴ፣ አንድ ያለው አንዴ፣ ድምፁ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ፣ ከበሮ ያልነበረው ዜማ ከራሱ ውስጥ ከበሮ አወጣ። ይታይሽ ድንጋይ እንዳቀፈች ቆመች።

"መምህር፣ እየተጫወትን ደንቡ ይቀየራል ማለት ነው?"

"አሁን ተቀየረ አይደል?" አልኩ፣ ሆን ብዬ እንዳደረግሁት ሁሉ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ታወቀ። እነሱ ሲጫወቱ እኔ ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ አጠፋለሁ፣ እጽፋለሁ። ፈረሱ ሳይቆም ኮርቻ እንደሚለውጥ ጋላቢ ሆንኩ።

የወላጆች በዓል በጥቅምት ብራ ዋለ። ዳሱ ሞላ። እትዬ የሻረግ ብርሌዎቻቸውን በቅርብ ለመጠበቅ ብለው ፊት ተቀመጡ። ፊታውራሪ አስረስ ካባቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው፣ ፍርድ ሊሰጡ የመጡ መሆናቸውን ፊታቸው ላይ ጽፈው መካከል ላይ ተሰየሙ። አቶ ዘለቀ ንግግራቸውን ሲያሰሙ "ሳይንስ" የምትለዋን ቃል እንደ ዳዊት ይደጋግሟታል።

ተጫዋቾቹ ይታይሽና ሙሉዓለም ነበሩ። አዎን፣ ሙሉዓለም! በዘፈኑ ቢያላግጥም ገበጣ ላይ ተሸነፍክ መባልን አይችልም፤ ሲለማመዱ ይታይሽ ስለበላችው፣ በአደባባይ ብድሩን ሊመልስ ራሱ ለምኖ ገባ።

ተጀመረ። ይታይሽ ዘግና ተራመደች፤ ብርሌዎቹ እየተቀባበሉ ጮኹ። ሙሉዓለም መለሰ። ሕዝቡ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቀጥሎ ጭንቅላት መነቅነቅ ተጀመረ። እኔም ሰሌዳዬ ላይ "ጉድጓዱ ባዶ የሆነበት ያጨብጭብ" ብዬ ስጨምር፣ ከኋላ ወንበር ሦስት አራት ወላጆች ደንቡን አንብበው አብረው አጨበጨቡ። ፊታውራሪን በዓይኔ ጠርዝ አየኋቸው፤ ከዘራቸው አልተነቃነቀም።

ይህን ጊዜ ነው ንቦቹ የመጡት።

ጥቅምት መሆኑን፣ አገሩ አበባ መሆኑን፣ ብርዝ ማለት ማር መሆኑን ያሰበ አንድ ሰው በመካከላችን አልነበረም። መጀመሪያ አንዷ መጥታ የዳሩን ብርሌ አፍ ዞረች። ሄደች። ለቤተ ዘመዶቿ ነገረች መሰለኝ፣ ጥቂት ቆይቶ ሰማዩ በንብ ጠቆረ። ሙሉዓለም የያዘውን ድንጋይ በሙሉ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ደፍቶ፣ ኮቱን በራሱ ላይ ገልብጦ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሮጠ። ልጆቹ ማንኪያቸውን አንሥተው እንደ ሐውልት ቆሙ። አቶ ዘለቀ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ንቦቹን ላለማየት ይሁን እኔን ላለማየት አላውቅም።

ቆላ፣ ቆላ፣ ቆላ ይለኛል ጆሮዬ። እጄ ግን ጠመኔ ይዟል። ያለኝ እሱ ነው። ጻፍኩ።

"ንብ ያረፈበት ዝም ይበል።"

ልጆቹ አነበቡ። ትንፋሻቸው ተመለሰ፤ መቆማቸው ፍርሃት መሆኑ ቀርቶ ደንብ ሆነ። ይታይሽ ቀስ ብላ ዘገነች፣ ተራመደች። ንብ የሌለበት ብርሌ ይጮኻል፤ ንብ ያለበት ዝም ይላል። እንዲህ ያለ ዝምታ በዜማችን ውስጥ አልነበረም። እስከዚያ ቀን ትንፋሽ ሳይወስድ የሚለፈልፍ ዜማ ነበር፤ አሁን ግን እያሰበ የሚናገር ሽማግሌ መሰለ። ንቦቹ ሲነሡና ሲያርፉ ዜማው ቦታ ይለውጣል።

ይታይሽ ድንጋይዋን ጨረሰች። ቆመች። ተራው የሙሉዓለም ነው፤ ሙሉዓለም ደግሞ የለም።

ፊታውራሪ አስረስ ተነሡ።

ከዳሱ ወጥተው በረጅሙ ቁመታቸው እየተራመዱ ወደ ጉድጓዶቹ መጡ። "አበቃ" አልኩ ለራሴ። አንዲት ንብ ካባቸው ላይ አረፈች፤ በጣታቸው ጫፍ ቀስ አድርገው አነሷት።

"የእኔ ናቸው" አሉ። "ቀፎዎቼ ከወንዙ ማዶ ናቸው። ካልነኳቸው አይነኩም።" ከዚያ የጉድጓዶቹን ድንጋይ በዓይናቸው ለቀሙ። ግንባራቸው ተኮሳተረ። "ያ የሸሸው ሰውዬ ጨዋታ አያውቅም። ይህን ሁሉ አንድ ቦታ ይደፋሉ? የማን ተራ ነው?"

"የእርስዎ" አለች ይታይሽ፣ ሳትደነግጥ።

ካባቸውን አውልቀው ለአቶ ዘለቀ አሸከሟቸው። ጎንበስ ብለው ዘገኑ።

ጎበዝ፣ ሰውየው ገበጠኛ ናቸው! እርምጃቸው እንደ በቅሏቸው ሰጋር፣ አጣጣላቸው አንድ ልክ። ብርሌዎቹ እግራቸውን ተከትለው ጮኹ። ይታይሽ መለሰች። እሳቸው አፋጠኑ፣ ዜማው ፈጠነ። ይታይሽ በለጠች፣ ሕዝቡ ተነሥቶ ቆመ። አቶ ዘለቀ ካባውን እንደታቀፉ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ "ልጅቱን ተሸነፊ በላት!" አሉኝ። ስታልፍ ነገርኳት።

"ለምን?" አለችኝ፣ ድንጋይ እየጣለች። ለዚህ ደንብ አልነበረኝም።

ከዚያ አንድ ነገር ታዘብኩ። ፊታውራሪ አንድ ጊዜ ዘግነው ሲዞሩ ዜማው ዘወር ብሎ እላይ ወጣና በአንዲት ቀጭን ድምፅ ላይ አረፈ፤ ዳር ላይ ካለው ብርሌ። እሳቸውም አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። በሚቀጥለው ተራቸው የሚያሸንፋቸውን ጉድጓድ ትተው ሌላ አነሡ፤ ዞረው ዞረው እዚያችው ድምፅ ላይ ደረሱ። ደግሞ በሚቀጥለው።

ይታይሽም አየች። "ፊታውራሪ፣ ከዚያ ካነሡ እበላዎታለሁ።"

"ብይ!" አሉ ዘወር ሳይሉ። "ያቺን ድምፅ ግን ልስማት።"

አነሡ፣ ጣሉ፣ ድምፂቱ ጮኸች፣ ይታይሽ በላች። ፊታውራሪ ሳቁ። እኔ ሰሌዳውን በክንዴ ጠርጌ በትልቁ፣ "ፊታውራሪ ሲስቁ ሁሉም ይምታ!" ብዬ ጻፍኩ። ልጆቹ መቱ፤ እሳቸው አንብበው ይብሱን ሳቁ፤ ልጆቹ ይብሱን መቱ፤ ንቦቹ ራሳቸው ጩኸቱን አልችል ብለው ተነሥተው ወደ ማዶ በረሩ። እልልታው ቀለጠ። እትዬ የሻረግ ብርሌያቸውን ረስተው እስክስታ ወረዱ። ከቤተ መጻሕፍቱ መስኮት የሙሉዓለም ግንባር ብቅ ብሎ ሲያጨበጭብ አየሁት።

የመጨረሻው ድንጋይ ሲያልቅ ፊታውራሪ ላባቸውን ጠረጉ። አሸናፊዋ ይታይሽ ነበረች፤ አውቃ ለቀቀችላቸው እንዳይባል ወለም ሳትል በልታቸዋለች። አቶ ዘለቀን ጠሯቸው።

"ዘለቀ፣ ይህ ነገር አዝማሪነት የለበትም ብለኸኝ ነበር።"

"አዎን ጌታዬ፣ ሳይንስ..."

"ውሸትህን ነው። ጥርት ያለ አዝማሪነት ነው!" "እኔ አዝማሪ የጠላሁት ለማኝ ሆኖ ባየው ነው። ይቺ ልጅ ግን እኔን አልለመነችም፤ በላችኝ። ለዚያ ለተቀደደው ከበሮ ቆዳ ከቤቴ ይምጣ። ክበቡን የሚዘጋ ሰው ካለ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።" ወደ ይታይሽ ዞሩ። "ቅዳሜ እመጣለሁ። ያን ጊዜ አልምርሽም።"

ልጆቹ ከዴስኮቹ ኋላ ፈንድተው ወጡ። እኔን አንሥተው በትከሻቸው ሊዞሩ ሞክረው ነበር፤ ክብደቴን በትክክል ስላላሰሉት ሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ጣሉኝ። ከጉድጓዱ ሆኜ ሰማዩን እያየሁ ሳቅሁ። እንደዚያ ቀን ያለ ደስታ ወድቄም ቆሜም አላየሁ።

ብርዙን በዚያው ቀን ጠጥተን ጨረስነው፤ በፈቃድ፣ ድምፅ ማቅጠን ሳያስፈልገን። ሙሉዓለም የኮቱን አቧራ እያራገፈ መጥቶ ብርሌውን አነሣልኝና "መምህር፣ ድንጋዩስ ዘፈነ" አለ። ቅኔ ይኖረዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሰምም ወርቅም ሳይኖረው ልክ እንደተናገረው ማለቱ ነበር።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ለአንድ ዘመዴ ሠርግ ደምበጫ ሄድኩ። ገበያ ቀን ነበር። በገበያተኛው ፈረሶች መካከል ሳልፍ ከአንድ ዳስ ውስጥ ማሲንቆ ሰማሁ። እግሬ ቆመ። ያቺ ዜማ ናት። ዘወር ብላ እላይ ወጥታ በቀጭኗ ድምፅ ላይ የምታርፈው፣ ንቦቹ ያስተነፈሷት፣ ፊታውራሪ ለመስማት ብለው የተበሉላት። ስንኝ ገብቶላታል፤ ስለ አንዲት ጠይም ልጅና ስለ ወንዝ ማዶ። ዳሱ ሙሉ ሰው ይቀበላታል።

ገብቼ ማሲንቆ መቺውን ጠየቅሁት። "ወንድሜ፣ ይህች ዜማ የማን ናት?"

ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ክራባቴን፣ ጫማዬን። አዘነልኝ።

"የጥንት ናት እንጂ፣ መምህር። የአያት የቅድመ አያቶቻችን ናት። እናንተ የከተማ ሰዎች ከየት ታውቋታላችሁ?"

ዙሪያውን ያለው ሽማግሌ ሁሉ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አንደኛው አያታቸው ለጉግስ ሲወጡ በእርሷ ይፎከርላቸው እንደነበር አስረዳኝ። ሌላው ከዚያም በፊት እንደምትታወቅ መሰከረ።

ምን ልበል? ኮቴን አወለቅሁ፤ "እንግዲያው የጥንቷን ድገምልኝ" አልኩትና ትከሻዬን ሰጠሁ።